ቦዲ በእርግጥ በአንድ ጀምበር ነው ባዶ የቀረችው?

የመክፈቻ ጽሑፍ። ጠያቂው በካሊፎርኒያ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከኔቫዳ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ 2,554 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኘው ቦዲ ስለምትባል የወርቅ ከተማ ያነበበውን ካሳጠረ በኋላ አንድ አባባልና አንድ ጥያቄ አስከትሏል። አባባሉ ቦዲ በ1880 ገደማ 10,000 ሰው ይኖርባት እንደነበር፣ በትልቅነቷም ከካሊፎርኒያ ከተሞች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ እንደነበረች፣ ወርቁ ሲያልቅ ግን ነዋሪዋ በአንድ ጀምበር ጥሏት እንደሄደ የሚገልጽ ነው። ጥያቄው ደግሞ ሰው ከቤቱ ሲወጣ አልጋውን፣ ሳህኑንና በሱቁ መደርደሪያ ላይ የደረደረውን ዕቃ ሳይቀር ለምን ትቶ ይሄዳል የሚል ነው። ውይይቱ ስለረዘመ ዘግይቶ ለሚደርስ አንባቢ የመልሶቹን ፍሬ ሐሳብ በቅደም ተከተላቸው አስፍሬአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የራሴን አስተያየት ጣል ያደረግሁባቸው ቦታዎችም አሉ።

1ኛ መልስ። ጸሐፊው ጠያቂውን አመስግኖና በሐሳቡ እንደሚስማማ ገልጾ የከተማዋን አመሠራረት ጨምሮለታል። ስሟን ያገኘችው ከኒው ዮርክ ግዛት ከፖኪፕሲ ከመጣ ቦዲ ከተባለ ወርቅ ፈላጊ ነው። ይህ ሰው በ1859 ከጓደኞቹ ጋር በአካባቢው ወርቅ ካገኘ በኋላ ዓመቱ ሳይሞላው፣ ስንቅ ይዞ ሲመለስ የበረዶ ማዕበል መንገድ ላይ ይዞት ሞተ፤ በስሙ የተጠራችውን ከተማም አላያትም። አጽሙ ተፈልጎ በክብር የተቀበረው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1879 ነው። መልስ ሰጪው እዚህ ላይ ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ብሎ የተናገረው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል፦ ለቦዲ መታሰቢያ ተብሎ የተጠረበው ሐውልት ሳይቆም ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በ1881 በመገደላቸው፣ የከተማዋ ሰዎች ድንጋዩን ለፕሬዚዳንቱ መታሰቢያ አድርገው አቆሙት።

2ኛ መልስ። ይህ ጸሐፊ የቀደመውን ሳይነቅፍ በ1859 እና በ1876 መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶታል፤ ወርቁ ተገኘና ከተማዋ ወዲያው ፈላች የሚለውን ግምትም አስቀርቷል። በእነዚያ ዓመታት ቦዲ ጥቂት ጎጆና ጥቂት ሰው ብቻ ነበሯት፤ ቆፋሪው ይጎርፍ የነበረው በኔቫዳ በኩል ወደምትገኘው ጎረቤቷ ወደ አውሮራ ነበር። ነገሩን የለወጠው በ1875 በአንድ ጉድጓድ ውስጥ የደረሰ መደርመስ ነው። ናዳው ሀብታም የወርቅ ድንጋይ ገለጠ፤ ወዲያው የሳን ፍራንሲስኮ ባለገንዘቦች ይዞታውን ገዝተው ስታንዳርድ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1878 ደግሞ የቦዲ ኩባንያ ማዕድን ሌላ የበለጸገ ድንጋይ ላይ ሲደርስ የአክሲዮን ገበያው አበደ። ጸሐፊው እንደሚለው ከዚያ ወዲህ ቦዲን የሚነዳት በመሬት ውስጥ ያለው ወርቅ ብቻ ሳይሆን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚሸጠው ወረቀትም ነበር፤ አንድ ግራም ወርቅ ሳያወጡ አክሲዮን እየሸጡ የኖሩ ኩባንያዎችም ጥቂት አልነበሩም። ይህ ነጥብ በኋላ ለሚነሣው ክርክር ቁልፍ ቢሆንም፣ እንደማየው ብዙ ተመልካች አላገኘም።

3ኛ መልስ። ለእኔ ከሁሉም ጠንካራው ይህ ነው። ጸሐፊዋ 10,000 የሚለውን ቁጥር በቀጥታ ሳትነካ በ1880 የተካሄደውን የፌዴራል የሕዝብ ቆጠራ አውጥታ የካውንቲውን፣ ማለትም ከተማዋ ያለችበትን የአስተዳደር ወረዳ፣ ቁጥር አስቀምጣለች። ቦዲ የምትገኝበት ሞኖ ካውንቲ በ1870 በጠቅላላው 430 ሰው ነበረው፤ በ1880 ቁጥሩ 7,499 ደረሰ፤ በ1890 ወደ 2,002 ወረደ። በ1880 በዚያው ካውንቲ ውስጥ መቀመጫው ብሪጅፖርት ነበረች፤ ላንዲና ማሞዝም በጊዜው የየራሳቸው የወርቅ ግርግር ነበራቸው፤ በየሸለቆው የከብት አርቢዎችና የእንጨት ቆራጮች ሰፈሮችም ነበሩ። ካውንቲው ከነከተሞቹ 7,499 ከሆነ አንዷ ከተማ ብቻዋን 10,000 ልትሆን አትችልም። ጸሐፊዋ ይህን ካሳየች በኋላ ማንንም ሳትዘልፍ ጽሑፏን ዘግታለች።

4ኛ መልስ። የውይይቱ ቃና የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ወንድሜ፣ እህቴ እያለ ቢጀምርም ወንድማማችነት በማይታይበት አነጋገር የቆጠራ መዝገብን የሚያመልኩ ሰዎች የማዕድን ከተማን ኑሮ አያውቁም ብሏል። ሁለት መከራከሪያ አቅርቧል። የመጀመሪያው፣ ቆጣሪው ቤት ሲያንኳኳ ከመሬት በታች ተረኛ የነበረው ሠራተኛ፣ በማደሪያ ቤት አንድን አልጋ በፈረቃ የሚጋራው ሰው፣ ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደው ቆፋሪ አይቆጠርም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቆጠራው የተካሄደው በ1880 አጋማሽ ሲሆን ከተማዋ የሞላችው በ1879 ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው ተገቢ ነጥብ ነው፤ ግርግሩ በቆጠራው ጊዜ መቀዝቀዝ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ግን ቆጣሪ የዘለላቸው ሰዎች ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል እንጂ ከአንድ ካውንቲ በላይ የሆነች ከተማ አይፈጥሩም።

5ኛ መልስ። ሌላ ሰው ገብቶ፣ ለክርክር ሲባል 10,000 የሚለውን ሙሉ በሙሉ ብንቀበል እንኳ የደረጃው ነገር አይቆምም ሲል መልሷል። በ1880 ሳን ፍራንሲስኮ 233,959፣ ኦክላንድ 34,555፣ ሳክራሜንቶ 21,420፣ ሳን ሆሴ 12,567፣ ሎስ አንጀለስ 11,183፣ ስቶክተን 10,282 ነዋሪ ነበራቸው። ስለዚህ ቦዲ የተባለላትን ሁሉ ብትሰጣትም ከስድስት ከተሞች በታች ናት። ጸሐፊው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለ4ኛው መልስ ሰጪ መደመርና መቀነስ እንዲማር መክሮታል፤ ሳይጽፈው ቢቀር በወደድኩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ በ7 አጫጭር መልሶች የተመላለሱት ስድብ ብቻ ስለነበር አወያዩ አንሥቶታል። የተነሡትን ከቁጥሩ አስወጥቻለሁ።

6ኛ መልስ። አንድ አንባቢ አርእስቱን አይቶ በደቡብ ኦሞ ስላለው የቦዲ ሕዝብ የሚነገር መስሎት እንደገባና የወርቁ ነገር ግራ እንዳጋባው ጽፏል። በትሕትና ተነግሮት፣ ሳቅ የተሞላበት ምስጋና አቅርቦ ወጥቷል። ውጥረቱ ትንሽ የረገበው በዚህ ሰው ምክንያት ይመስለኛል።

7ኛ መልስ። በማዕድን ሥራ እንደቆየ የተናገረ ሰው ክርክሩን ከሰው ቁጥር ወደ ድንጋዩ መለሰው። ረጅሙ መልስ ይህ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይም አይቆጨኝም። ጸሐፊው ወርቅ አለቀ የሚለው አነጋገር አሳሳች ነው ይላል። የቦዲ ወርቅ ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ የሚለቀም አልነበረም፤ በኳርትዝ ድንጋይ ውስጥ ደቅቆ የተበተነ ነው። ድንጋዩ በድማሚት ተሰብሮ፣ ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ መውቀጫው ፋብሪካ ይወሰዳል፤ በስታንዳርድ ፋብሪካ 20 የብረት ዘነዘናዎች ነበሩ። በሚሽከረከር ዘንግ ላይ የተገጠሙ ጥርሶች እያንዳንዱን ዘነዘና ያነሡትና በራሱ ክብደት ይለቁታል፤ ድንጋዩ ከውኃ ጋር ተወቅጦ እንደ ቀጭን ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ሜርኩሪ በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሲፈስ ወርቁ ከሜርኩሪው ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ ተፍቆ ይሞቃል፤ ሜርኩሪው በእንፋሎት ሲሄድ ወርቁ ይቀራል። ዘነዘናዎቹ ቀንና ሌሊት ይወርዱ ስለነበር የከተማዋ ሰው የሚደነግጠው ድምፁ ሲቆም ነበር ይባላል።

ይህ ዘዴ ወርቁን ሁሉ አያወጣም፤ ከፊሉ ከዝቃጩ ጋር ይወጣና ሜዳ ላይ ይከመራል። በ1890ዎቹ ሳያናይድ የተባለውን መርዛማ ኬሚካል በመጠቀም ወርቅን ከዝቃጭ የማሟሟት ዘዴ ሲመጣ የተጣለው ክምር ራሱ ማዕድን ሆነ። የጸሐፊው መደምደሚያ አንድ ነው፦ የማዕድን ከተማ የሚኖረው በወርቁ መኖር ሳይሆን፣ አንድ ቶን ድንጋይ አውጥቶ፣ ወቅጦና አጣርቶ የሚገኘው ገንዘብ ከወጪው ሲበልጥ ነው። ወጪ ሲንር ወርቅ እያለ ከተማ ይሞታል፤ ዘዴ ሲሻሻል ደግሞ የሞተው ይነሣል። ቦዲ ይህ ደጋግሞ ደርሶባታል።

8ኛ መልስ። ከላይ ስለ ወጪ የተባለውን በማገዶ አስረድቷል። በቦዲ ዙሪያ ያለው ኮረብታ ቁጥቋጦ እንጂ ረጅም ዛፍ የለውም፤ የእንፋሎት ሞተሮቹ፣ የጉድጓዶቹ ድጋፍና የቤቶቹ ምድጃ ግን ሁሉም እንጨት ይበላሉ። በ1881 ከሞኖ ሐይቅ ደቡብ ካለው ደን 51 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጠባብ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋው ለዚህ ነው፤ ይህ ባቡር ከሌላ የባቡር መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ዋና ሥራውም እንጨት መጫን ነበር። ኋላም ስታንዳርድ ኩባንያ የእንጨቱ ወጪ ሲያስመርረው በ1892 መጨረሻ 21 ኪሎ ሜትር ከሚርቅ የውኃ ኃይል ጣቢያ ኮረንቲ አስመጣ፤ በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክን ያን ያህል ርቀት ወስዶ ፋብሪካ ማንቀሳቀስ ብርቅ ነበር። መልስ ሰጪው ኤሌክትሪኩ በመታጠፊያ ላይ ከሽቦው ይዘልላል ተብሎ ስለተፈራ ምሰሶዎቹ ቀጥ ባለ መስመር ተተከሉ የሚለውን ታሪክም ጨምሯል። በእኔ አስተያየት ግን ቀጥ ያለ መስመር አጭር ስለሆነ ምሰሶም ሽቦም ይቆጥባል፤ ለዚህ ፍርሃት አያስፈልግም።

9ኛ መልስ። ሁሉም የረሳውን የዕቃውን ጥያቄ ያነሣችው የ3ኛው መልስ ጸሐፊ ናት። ያ ዕቃ ወደ ቦዲ የወጣው በበቅሎ በሚሳብ ጋሪ፣ ከፍ ባለ የጭነት ዋጋ ነው። ማዕድኑ ሲዘጋ የሚሄደው ሰው ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ነው፤ የብረት ምድጃና ቁም ሣጥን አስጭኖ በጥርጊያ መንገድ ለማውረድ የሚከፍለው ገንዘብ ሌላ ቦታ አዲስ ለመግዛት ከሚከፍለው ይበልጥበታል። ለማን ይሽጠው? ጎረቤቱም ሊሄድ ነው። ስለዚህ ዕቃው መቅረቱ ሰዎቹ ደንግጠው እንደሸሹ አያሳይም፤ እንዲያውም አስልተው እንደሄዱ የሚያመለክት ነው።

ሌላው ምክንያት ጥበቃ ነው። በ1879 በወጣትነቱ ወደ ቦዲ የመጣውና በእንጨት ንግድ የጀመረው ጄምስ ኬን ባንኩን ያዘ፤ ኋላም ሰዎች እየለቀቁ ሲሄዱ የከተማዋን ብዙ ይዞታ ሰበሰበ። ቤተሰቡ ባዶዎቹን ቤቶች ከዘራፊ የሚጠብቁ ሰዎች ቀጥሮ ነበር። ብዙ የተተዉ የወርቅ ከተሞች በር፣ መስኮትና ጣሪያቸው ተነቅሎ ተወስዷል፤ ቦዲ ከነዕቃዋ የተገኘችው ጠባቂ ስለነበራት ነው።

10ኛ መልስ። እዚህ ላይ አንድ ጸሐፊ በቁጣ ገብቶ፣ እስካሁን ስለ ኩባንያና ስለ ባንክ ባለቤት ብቻ ማውራታችሁ ያሳፍራል ብሏል። አነጋገሩ ቢሻክርም ያነሣው ነገር እውነት ነው። በሞኖ ሐይቅ ዙሪያ ከወርቁ በፊት የኖሩት የኩትዛዲካ ፓዩት ሕዝቦች ፍሬውን ለክረምት ስንቅ የሚለቅሙት የፒንዮን ጥድ ለቦዲ ማገዶ እየተቆረጠ አለቀባቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ደግሞ በኪንግ ጎዳና የራሳቸው ሰፈርና ቤተ መቅደስ ነበራቸው፤ ልብስ ያጥባሉ፣ አትክልት ያቀርባሉ፣ ማገዶ ይሸጣሉ፤ በቀን 4 ዶላር ወደሚከፈልበት የጉድጓድ ሥራ ግን አይገቡም ነበር። በ1882 የወጣው የቻይናውያን እገዳ ሕግ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በር ዘጋ። ጸሐፊው፣ የመንደሪቱን ዝና በሽጉጥ ተኩስና በዋናው መንገድ ላይ በነበሩት መጠጥ ቤቶች መለካት እንዲቆም ጠይቋል። የመጠጥ ቤቶቹ ቁጥር 65 ነው፣ አይደለም የሚል ንትርክ ወዲያው ሊጀመር ሲል አወያዩ ሌላ የውይይት ርእስ እንዲከፈትለት አዘዘ።

11ኛ መልስ። የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ተመልሶ ክርክሩን በዓመት ቅደም ተከተል ለማስታረቅ ሞክሯል፤ እኔ በግሌ ጉዳዩን የፈታው ይህ ይመስለኛል። የማሽቆልቆሉ ምልክት በ1880 መጨረሻ ታየ፤ በሞንታና ቢዩት፣ በአሪዞና ቱምስቶን አዲስ ማዕድን ሲወራ ዘወትር አዲስ የሚያሳድደው ቆፋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ ነጎደ። ከፍተኛው ምርት የተመዘገበው ግን በ1881 ነው፤ ሰው እየቀነሰ ወርቁ ጨመረ ማለት ነው። ባቡሩ የመጣው በዚያው ዓመት ነው፤ የሜቶዲስትና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት በ1882 ነው። በ1887 ሁለቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ተዋሕደው ለሃያ ዓመት ያህል ሥራው ቀጠለ። በ1892 እሳት ከከተማዋ ከፊሉን በላ፤ በ1898 ፋብሪካው ተቃጥሎ በዓመቱ ተሠራ። በ1910 ገና 698 ሰው፣ አብዛኛው ባለትዳርና ልጆች ያሉት፣ ይኖርባት ነበር። ጋዜጣዋ በ1912 ቆመ፤ የስታንዳርድ ማዕድን በ1913 ተዘጋ፤ ሐዲዱ በ1917 ተተወ፤ በ1920 የቀረው ሰው 120 ነው። በ1932 ሌላ እሳት ከቀረችው ከተማ አብዛኛውን አወደመ።

ይህን ያነበበ ሰው አንድ ጀምበር የሚለውን የት ሊያስገባው ይችላል? በ1880ዎቹ መጀመሪያ ተሰብስቦ የሄደው በአክሲዮን ወሬ የመጣው ሰው ነው፤ 2ኛው መልስ የተናገረው ወረቀት ዋጋ ሲያጣ ሰውየውም አብሮ ሄደ። ከተማዋ ግን ከዚያ በኋላ ከግርግሩ ዘመን ብዙ እጥፍ ለሚበልጥ ጊዜ ኖራለች። 10,000 የሚለው ቁጥር ጉዳቱ ይህ ነው፤ አናቱን ከፍ ሲያደርገው ውድቀቱ ገደል ይመስላል፤ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ዝቃጭ ሲያጣሩና ቤታቸውን በተደፈጠጠ የቆርቆሮ ጣሳ ሲጠግኑ የኖሩት ሰዎች ከታሪኩ ይወጣሉ።

12ኛ መልስ። የ4ኛው መልስ ጸሐፊ ለዘብ ብሎ ተመልሷል። በቁጥሩ ላይ ቃሉን ባያጥፍም፣ በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ ከተማ አለ ለማለት በምዕራብ አውስትራሊያ የምትገኘውን ግዋልያን ጠቅሷል። የግዋልያ ማዕድን በታኅሣሥ 1963 ሲዘጋ 1,200 ያህል ከነበረው ነዋሪ በሦስት ሳምንት ውስጥ 40 እንኳ አልቀረም። ምሳሌው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግዋልያ በአንድ ኩባንያ ደመወዝ የምትኖር ስለነበረች፣ ብዙ ኩባንያዎችና የራሱ ይዞታ ያለው ነዋሪ ከነበራት ቦዲ ጋር አታነጻጽራትም ያለው የ7ኛው መልስ ጸሐፊ አሳምኖኛል።

13ኛ መልስ። አሁንም የማዕድን ባለሙያው ነው፤ ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት ጽፏል። የአሜሪካ መንግሥት በ1934 የወርቅን ዋጋ ከ20.67 ዶላር ወደ 35 ዶላር በአውንስ ሲያሳድገው የቦዲ አሮጌ ዝቃጭ እንደገና አዋጣ። ሥራውን ያቆመው በጥቅምት 1942 የወጣው ኤል-208 የተባለው የጦርነት ጊዜ ትእዛዝ ነው፤ ሠራተኛውና መሣሪያው ለመዳብና ለሌሎች የጦር ብረቶች እንዲውል የወርቅ ማዕድናትን አዘጋ። ፖስታ ቤቱም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ ዋጋው እዚያው 35 ላይ ተቸንክሮ ደመወዝና ቁሳቁስ ስለናረ መክፈቱ ትርፍ አልነበረውም።

14ኛ መልስ። ቦታውን የጎበኘች ጸሐፊ ስለ አጠባበቁ ጽፋለች። ቦዲ በ1961 ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ፣ በ1962 የካሊፎርኒያ ግዛት ታሪካዊ ፓርክ ሆናለች። ደንቡ ቤቶቹን ማደስ ሳይሆን ባሉበት ማቆየት ነው፤ ጣሪያ ሲያፈስ ይደፈናል፣ መስኮት ሲሰበር ይተካል፣ ቀለም ግን አይቀባም። የስዌዚ ሆቴል ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ከውጭ በተደገፉ ግንዶች ላይ ተንተርሶ ቆሟል፤ የሚያስተካክለው የለም፤ እንዲወድቅም አይተውም። ከዚያ ሚስማር ወይም ጠርሙስ ሰርቀው የወሰዱ ጎብኚዎች፣ መጥፎ ዕድል ተከተለን ብለው ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ እንደሚመልሱም ጨምራለች። እርግማኑን ማንም አላመነበትም፤ ጠቀሜታውን ግን ሁሉም ተቀብሎታል።

15ኛ መልስ። የመጨረሻው መልስ ወርቁ አልቋል ወይ የሚለውን መልሶ አንሥቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ የካናዳ ኩባንያ ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አሰሳ ጀምሮ ነበር፤ ዕቅዱም በክፍት ጉድጓድ ማውጣት ነበር። ኩባንያ ገንዘቡን የሚያፈሰው ከዚያ መሬት ሥር አሁንም የሚያዋጣ ወርቅ አለ ብሎ ስላሰበ ነው። ተቃውሞው ከበረታ በኋላ በ1994 ኮንግረስ የቦዲ ጥበቃ ሕግን አወጣ፤ በከተማዋ ዙሪያ ባለው የመንግሥት መሬት ላይ አዲስ የማዕድን ይዞታ ማስመዝገብም ተከለከለ። ከዚያ በፊት የተመዘገቡ ይዞታዎች ምን ይሆናሉ ብሎ አንድ ሰው ጠይቋል፤ የ7ኛው መልስ ጸሐፊ ሕጉ እየተመረመሩ ትክክለኛነታቸው እንዲረጋገጥ እንደሚያዝዝ ነግሮታል።